ከስልክ ቻርጀር ያነሰ ጉልበት ያለው ሬዲዮ፦ የ1600ዎቹ ሰፈር ለማን ይድረስ?

አሁን ስልካችሁን የሰካችሁበት ቻርጀር ስንት ዋት ነው? ፈጣን የሚባለው ከሆነ 18 ወይም 25፣ ሲበዛም ከዚያ በላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ10 ዋት ብቻ የሚሠሩ ሕጋዊ የሬዲዮ ጣቢያዎች አሉ። ፓርክ መግቢያ ላይ፣ ኤርፖርት አካባቢ ወይም ድልድይ ሳይደረስ "ሬዲዮዎን 1610 ኤ.ኤም ላይ ያድርጉ" የሚል ሰሌዳ ይቆማል። ሙዚቃ የለም፣ ማስታወቂያ የለም። መንገዱ ተዘግቷል፣ ፓርኪንጉ ሞልቷል፣ እሳት ተነስቷል... በቃ፣ ይህንኑ እየደጋገመ ይናገራል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትርቁ ድምፁ ይጠፋል።

"ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት የአሜሪካ ኮንግረስ "ኤ.ኤም ሬዲዮ መኪና ውስጥ ይቅር ወይስ ይቆይ?" በሚል ሲከራከር ቆይቷል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ይዘው ከሚውሉት ብዙዎቹ ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው። በዚያ ከተማ የአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት ሲባልም በአብዛኛው ከሌላ ሰው ጣቢያ ላይ በሰዓት የተገዛ አየር ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ያገባናል።

ሁሉም የሚከራከረው ስለ መቀበያው ነው፣ ማለትም መኪናው ሬዲዮ ይኑረው አይኑረው በሚለው ላይ። በዚያ ሬዲዮ የሚናገረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከ30 ዓመት በፊት በጓዳ ተወስኖ አልቋል። እሱን ነው ዛሬ የምናየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው

የድሮ ሬዲዮ ላይ መካከለኛ ሞገድ፣ ማለትም ኤ.ኤም የሚባለው፣ 1600 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያልቃል። በ1979 ጄኔቫ ላይ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ለአሜሪካ አህጉራት ተጨማሪ ቦታ ሰጠ፦ ከ1605 እስከ 1705። በዚያ አካባቢ ጣቢያዎች በ10 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ስለሚቀመጡ አዲስ የተገኘው 10 መስመር ብቻ ነው፣ ከ1610 እስከ 1700። አውስትራሊያ የዚህ ውሳኔ አካል ባትሆንም ይህንኑ ቦታ በራሷ ደንብ ለሀገር ውስጥ አገልግሎት ከፈተችው።

ትንሽ ቦታ ነው፤ ግን ጥሩ ቦታ ነው። ለምን መሰላችሁ? የኤ.ኤም ጣቢያ ዋና ወጪው አንቴናና መሬት ነው። የተለመደው አንቴና ከሞገዱ ርዝመት ሩቡን ያህል ቁመት ይፈልጋል። 540 ላይ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ወደ 139 ሜትር የሚጠጋ ማማ ያስፈልገዋል። 1650 ላይ ሲሆን 45 ሜትር ይበቃል። ከመሬት በታች የሚዘረጋው ሽቦም በዚያው ልክ ያጥራል። ሰፊ መሬት አያስፈልግም፣ ኃይሉ ዝቅ ካለ ደግሞ የመብራት ቆጣሪውም አይሮጥም።

የመሬቱ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ቤተስዳን ታውቁታላችሁ። ዳብሊው ማል የሚባለው የቆየ የ630 ኤ.ኤም ጣቢያ ማማዎቹን እዚያ 75 ኤከር መሬት ላይ ነበር የተከላቸው። መሬቱ በ74 ሚሊዮን ዶላር ለቤት አልሚ ተሸጠ፣ ማማዎቹም በ2020 ወደቁ። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያሰላው ሬዲዮው ከቆመበት አፈር የረከሰ ሆኖ አገኘው ማለት ነው። ዝቅተኛው የኤ.ኤም ክፍል ላይ ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ ይህ ፈተና አለባቸው። የ1600ዎቹ ትንሽ ጣቢያ ግን ለአልሚ የሚያጓጓ መሬት ድሮም የለውም።

ጉድለቱንም መናገር አለብን። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል መሬት ለመሬት የሚሄደው ሞገድ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ 1650 ላይ ያለ ጣቢያ በእኩል ኃይል ከ600ዎቹ ያነሰ ርቀት ይሸፍናል። ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ቀን ቀን ሞገዱን የሚውጠው የላይኛው አየር ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጠፋ፣ የሩቅ ጣቢያዎች ድምፅ ከሰማይ እየነጠረ ይመጣና ትንሹን ጣቢያ ያፍነዋል። ቀን 20 ኪሎ ሜትር የሚሰማ ጣቢያ ማታ ሰፈሩን እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ለአንድ ሰፈር፣ ለአንድ ከተማ ማዕዘን የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አሜሪካ ምን አደረገች?

የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ አዲሱን ቦታ ለአዲስ ሰው አልሰጠም። በነባሩ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ የሚረባበሹ ጣቢያዎች ነበሩ። እነሱን "ወደ ላይ ውጡና ታች ያለውን ጭንቅንቅ አቅሉልን" አላቸው። የሚመረጡትም ሲወጡ ብዙ ጭንቅንቅ በሚያቃልሉበት ቅደም ተከተል ነበር። የመጀመሪያው ጣቢያ በ1995 ኒው ጀርሲ ኤልዛቤት ከተማ 1660 ላይ ሥራ ጀመረ። በ1997 ደግሞ 88 ጣቢያዎች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። የተፈቀደላቸው ኃይል ቀን 10 ሺህ ዋት፣ ማታ 1 ሺህ ዋት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሁለቱ ቦታ አንዱን ይመልሳሉ ተባለ። አንዳንዶቹ ግን ሁለቱንም ይዘው ለዓመታት ተቀመጡ። የሚገርም አይደለም፤ በነፃ የተሰጠህን ቦታ ማን ቶሎ ይመልሳል?

ለትንሹ ሰው የቀረው ምንድን ነው? ሁለት ነገር።

አንዱ መግቢያው ላይ ያየነው የ10 ዋቱ የተጓዦች መረጃ ጣቢያ ነው። ከ1977 ጀምሮ አለ። ነገር ግን ፈቃዱ ለመንግሥት አካላት፣ ለፓርኮችና ለመሳሰሉት ነው፣ የሚተላለፈውም የጉዞና የአደጋ መረጃ ብቻ። አንቴናው ከ15 ሜትር እንዳይበልጥ ተደንግጓል።

ሁለተኛው ፈቃድ የማይጠይቀው ነው። ኃይሉ 0.1 ዋት፣ አንቴናው ከነሽቦው ከሦስት ሜትር ያልበለጠ ከሆነ ማንም ሰው በኤ.ኤም ላይ ማስተላለፍ ይችላል። አንድ አሥረኛ ዋት! ቻርጀራችሁን ለ200 መክፈል ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የሚሰፍሩት ባዶ ቦታ በሚገኝበት በዚሁ በ1600ዎቹ ነው። የአንድ ካምፓስ፣ የአንድ ቤተክርስቲያን ግቢ ወይም የአንድ ገበያ አዳራሽ ሬዲዮ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም።

በ0.1 ዋትና በ10 ሺህ ዋት መካከል ለማኅበረሰብ የሚሆን ነገር የለም። ዝቅተኛ ኃይል ያለው ኤ.ኤም ይፈቀድልን የሚል አቤቱታ ለኮሚሽኑ ቀርቦ ነበር፤ አገልግሎቱ ግን አልተፈጠረም። በኤፍ.ኤም በኩል በ2000 ባለ 100 ዋት የማኅበረሰብ ጣቢያ ተፈቅዷል፣ በ2011 የወጣው ሕግም አስፋፍቶታል። ጥሩ ነው። ግን ስደተኛው የተሰበሰበው ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ ኤፍ.ኤሙ ጢም ብሎ ሞልቷል።

አውስትራሊያ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደች

አውስትራሊያ ለተመሳሳዩ ቦታ "ጠባብ ስርጭት" የሚል ምድብ አወጣች። ከ1611 እስከ 1701 ባሉት መስመሮች ላይ የኃይል ጣሪያው 400 ዋት ሆነ። ይዘቱም ለሁሉም ሰው የሚሆን ሳይሆን ለተወሰነ ቡድን የሚሆን እንዲሆን ተፈለገ፦ ለአንድ ቋንቋ ተናጋሪ፣ ለአንድ ሃይማኖት፣ ለአንድ የተለየ ፍላጎት። ትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎች ዞር ብለው አላዩትም። በጊዜው ብዙ ሬዲዮ እስከዚያ ቁጥር ድረስ እንኳ አይደርስም ነበር።

ማንም ያልፈለገው ቦታ ሲገኝ ማን ይመጣል? ቦታ ያጣ ሰው። ሲድኒ ውስጥ 1638 ላይ አረብኛ፣ ሜልበርን ውስጥ 1674 ላይ ሃንጂ የሚባለው የፑንጃቢና የሂንዲ ሬዲዮ፣ ብሪዝበን ውስጥ 1701 ላይ ብሪስቫኒ የሚባለው የሕንዶች ጣቢያ መጡ። 400 ዋት ለአንድ ከተማ ክፍል ይበቃል፣ የስደተኛ ማኅበረሰብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የከተማ ክፍል ነው የሚሰባሰበው።

ካናዳም ተመሳሳይ ነገር ታየባት። ቶሮንቶ ውስጥ 1610 ላይ በአንድ የላቲን አሜሪካ ማኅበረሰብ ማዕከል የተቋቋመ የስፓኒሽኛ ጣቢያ አለ፣ 1690 ላይ የግሪክኛ። ሞንትሪያል ውስጥ ደግሞ የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሬዲዮ 1690 ላይ ነው።

የአውስትራሊያው መንገድ እንከን የለሽ ነው ለማለት አይደለም። ፈቃድ ይሸጣል፣ ይከራያል። አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳን ዝግጅት በየከተማው ባሉ ትንንሽ ማሰራጫዎች የሚያስተላልፉ ኔትወርኮች አሉ፣ የክርስቲያን ስርጭት ኔትወርክ ጭምር። ማሰራጫው የሰፈር ይሆንና ድምፁ የሰፈር አይሆንም። የኃይል ጣሪያ ብቻውን ጣቢያን "የአካባቢ" አያደርገውም ማለት ነው። አሜሪካም ብትሆን ሙሉ በሙሉ በሯን አልዘጋችም፤ ኒውዮርክ አካባቢ 1660 ላይ ለዓመታት ኮሪያኛ ሲተላለፍ ቆይቷል። ልዩነቱ እዚያ ቋንቋው የሚገባው የገበያ ዋጋ ከፍሎ መሆኑ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ ልዩነት ተጨባጭ ነው። አውስትራሊያ ያሉት ወገኖቻችን ኤስ.ቢ.ኤስ በሚባለው የሕዝብ ማሰራጫ በኩል የአማርኛ ዝግጅት አላቸው። ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ግን የትኛው ቋንቋ ምን ያህል ሰዓት ያግኝ የሚለው የሕዝብ ቆጠራ በወጣ ቁጥር እንደገና ይታያል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አዘጋጁ ሰዓት ይገዛል። ፈቃዱ የእሱ አይደለም፣ ማማው የእሱ አይደለም። ባለ ጣቢያው ዋጋ ቢጨምር ወይም እንደ ቤተስዳው መሬቱን ቢሸጥ አዘጋጁ ማይኩን ይዞ ሌላ በር ማንኳኳት ነው። በግልጽ ለመናገር፣ ያ ሕይወት ከቤት ኪራይ ብዙም አይለይም፤ ኪራይ ደግሞ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ መኪናው ጉዳይ

የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና የኃይል መቆጣጠሪያው የሚፈጥሩት የኤሌክትሮማግኔት ረብሻ በቀጥታ ኤ.ኤም ላይ ነው የሚያርፈው። መከላከያ ማልበስ ይቻላል፣ ግን ወጪ አለው። ስለዚህ ቴስላ፣ ቢ.ኤም.ደብሊው፣ ቮልቮ፣ ሪቪያንና ሌሎችም ከኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው ላይ ኤ.ኤምን አወጡት። ፎርድም ከአዳዲስ መኪኖቹ ሊያወጣው ነበር። ከመኪኖቹ የሰበሰበው መረጃ ከሬዲዮ ማድመጫ ጊዜው ኤ.ኤም 5 በመቶ እንኳ እንደማይሞላ ያሳያል ብሎ ነበር። በግንቦት 2023 ግን የኩባንያው ኃላፊ ጂም ፋርሊ ሐሳባቸውን ቀየሩ።

ለምን ቀየሩ? በዚያው ወር ሴናተር ኤድ ማርኪና ሴናተር ቴድ ክሩዝ ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። ሁለቱን ሰዎች ለማታውቁ፦ አንዱ የለየለት ዴሞክራት፣ ሌላው የለየለት ሪፐብሊካን ናቸው። በሌላ ጉዳይ አንድ ጠረጴዛ ላይ አታገኟቸውም። ረቂቁ እያንዳንዱ አዲስ መኪና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ኤ.ኤም እንዲኖረው ያስገድዳል። በሁለቱም ምክር ቤቶች በኮሚቴ ደረጃ ሰፊ ድጋፍ አግኝቷል፤ ከኮሚቴ ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ ረዝሞበታል።

የደጋፊዎቹ ዋና መከራከሪያ አደጋ ነው። የፌዴራል የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲው 77 ጣቢያዎችን በልዩ ጀነሬተርና ነዳጅ አዘጋጅቶ አስቀምጧል፣ አብዛኞቹ ኤ.ኤም ናቸው፣ 90 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ ይደርሳሉ ይላል። ሰባት የቀድሞ የኤጀንሲው ኃላፊዎችም ኤ.ኤም ከመኪና እንዳይወጣ ደብዳቤ ጽፈዋል። መከራከሪያው ባዶ አይደለም። በመስከረም 2024 ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ የሰሜን ካሮላይናዋን አሽቪል ሲመታ መብራት፣ ውሃና የሞባይል ኔትወርክ አብረው ጠፉ። ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በአካባቢው ሬዲዮ ነበር ውሃ የት እንደሚታደል የሚሰማው።

ነገር ግን ልብ በሉ፦ 77ቱ ግዙፍ ጣቢያዎች ናቸው። እነሱ በመላው ግዛት "አደጋ አለ" ማለት ይችላሉ። የትኛው ድልድይ እንደተቆረጠ፣ የትኛው ትምህርት ቤት መጠለያ እንደሆነ፣ ያንንም በስፓኒሽኛ ወይም በአማርኛ መንገር ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። ያ የትንሹ ጣቢያ ሥራ ነው። ሕጉ ቢያልፍ ትንሹም ይጠቀማል፣ እውነት ነው። ባያልፍ ግን መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ትልቁ ጣቢያ ኤፍ.ኤም አለው፣ አፕ አለው፣ ጠበቃም አለው። የ1600ዎቹ ጣቢያ ያለው መኪና ውስጥ ያለው አድማጭ ነው።

"ኢንተርኔት ላይ ያስተላልፉ በቃ" የሚለው መልስ ለብዙ ነገር ይሠራል። የዳያስፖራው የአማርኛ ዝግጅትም በአብዛኛው ወደ ዩቲዩብ ሄዷል፣ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ተመልካቹ እዚያ ነው። ስልካችሁም ቢሆን ኤ.ኤም መቀበል አይችልም፦ ለዚያ ሞገድ የሚሆን አንቴና የለውም፣ የራሱ ሰርኪዩትም ይረብሸዋል። ኤፍ.ኤም ያላቸው ስልኮች እንኳ የሚሰሩት የኢርፎኑን ገመድ አንቴና አድርገው ነው፣ የገመዱ ቀዳዳ ከስልክ ላይ ሲጠፋ እሱም አብሮ እየጠፋ ነው። አንድ ልዩነት ግን በአፕ አይፈታም። ኢንተርኔት ላይ እያንዳንዱ አድማጭ ለብቻው ይጎትታል፤ አሥር ሺህ ሰው በአንዴ ሲከፍተው ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ አሥር ሺህ ሰው በአንዴ የሚከፍተው ደግሞ የጭንቅ ቀን ነው። ለሬዲዮ ማሰራጫ አንድ ሰው ሰማው አሥር ሺህ ያው ነው። ዳታም አይቆጥርም።

ሀገር ቤትስ?

ይህ የተጨመረው ቦታ ለእኛ የለም። አፍሪካና አውሮፓ በ1975ቱ የጄኔቫ ዕቅድ ነው የሚተዳደሩት፤ መካከለኛ ሞገድ እዚያ 1606.5 ላይ ያልቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሲባልም ኤፍ.ኤም ማለት ነው። ኤፍ.ኤም ደግሞ እንደ መብራት ነው፣ ተራራ ሲጋርደው ጥላ ይጥላል። ከሸለቆ በታች ያለ መንደር ከተማው በቅርብ ርቀት እያለ ላይሰማው ይችላል። መካከለኛ ሞገድ መሬቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ለእንዲህ ያለ አገር የተሻለ ነበር።

ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ እኛ ከአሽቪል መማር አያስፈልገንም። ከኅዳር 2020 ጀምሮ በትግራይ፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰው ወሬ የሚሰማው ከመንገደኛ አፍ ነበር። ትንሽ የአካባቢ ሬዲዮ ቢኖር ሁሉ ነገር ይፈታ ነበር አልልም፤ ማሰራጫም ይዘጋል፣ ይወሰዳል፣ የአንድ ወገን ልሳንም ይሆናል። ግን አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ የሚጠፋው ኔትወርክና በየወረዳው የተበተነ 100 ዋት አንድ አይደሉም። የአሜሪካ ኮሚሽን ያንን ቦታ ሲያድል "ነባሮቹን እናፍታታ" ብሎ ነበር የተነሳው፣ አውስትራሊያ "እስካሁን ያልተሰማው ማን ነው?" ብላ። ነገ እኛም ዘንድ የሚታደል ፍሪኩዌንሲ ሲኖር የሚጠየቀው ጥያቄ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን መከታተል ያለብን ከአሁኑ ነው።

ዲሲ፣ ቶሮንቶ፣ ሲድኒና ሜልበርን ያላችሁ የገጻችን ተከታታዮች፦ መኪናችሁ ኤ.ኤም ካለው ወደ ቀኙ ጥግ፣ ከ1610 ወደ ላይ አድርጉና አንዴ በቀን፣ አንዴ ከመሸ በኋላ ፈልጉ። የምትሰሙት የተለያየ ነው የሚሆነው። ምን ቋንቋ እንዳገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ አማርኛ ያገኘ ካለ ደግሞ ቁጥሩን አብሮ ያስቀምጥ።